የተቀረጸ ማሳያ፣ የተጻፈ ማሳያ፦ የምርት ቪዲዮን ከኮድ የማውጣት ጥያቄ

አንድ ድርጅት ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ሠርቶ የሁለት ደቂቃ ማሳያ ቪዲዮ አዘጋጀ እንበል። ስክሪኑ ተቀረጸ፣ ተራኪዋ ድምፅ ሰጠች፣ ኤዲተሩ ቆራርጦ አስማማው። በወሩ «ላክ» ይል የነበረው ቁልፍ «አስተላልፍ» ሆነ፤ ከላይ ወደ ታችም ወረደ። ቪዲዮው በአንድ ቀን አረጀ። ለአንድ ቃል ሲባል ቀረጻው፣ ድምፁና ኤዲቱ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል፤ ካልሆነም አሮጌው ቪዲዮ እንዳለ ይተውና ተመልካቹ የሌለ ቁልፍ ሲፈልግ ይውላል።

ለዚህ ችግር ባለፉት ጥቂት ዓመታት እየጎላ የመጣው መልስ ቪዲዮውን ራሱን እንደ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ፕሮግራመሩ ተርሚናል ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል። የፕሮጀክት ማስጀመሪያ የሚባለው መሣሪያ ስም ይጠይቀዋል፣ ከተዘጋጁት ቴምፕሌቶች አንዱን ያስመርጠዋል፣ ከዚያም ሥራ ሊጀመርበት የሚችል ሙሉ ፎልደር ይዘረጋለታል። በዚያ ፎልደር ያለው ኮድ ሲሠራ የሚወጣው ውጤት ቪዲዮ ነው። ቃሉ ሲቀየር ኮዱ ውስጥ ይቀየራል፣ ቪዲዮው እንደገና ይወጣል፤ ካሜራም ማይክሮፎንም አይነሣም።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሣው ክርክር ሲሰማ ስለ ፍጥነትና ስለ ወጪ ይመስላል። ሥሩ ግን ሌላ ነው፦ በኮድ የተሳለ ምርት «ሲሠራ ታየ» ይባላል ወይ? ይህ ዳሰሳ ከአመጣጡ ተነሥቶ እዚያ ጥያቄ ላይ ይቆያል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድረክ ላይ የተጀመረው

ሶፍትዌርን በሰው ፊት እያሠሩ ማሳየት ከማሳያ ቪዲዮ ይቀድማል። መሐንዲሱ ዳግላስ ኤንግልባርት ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተሰበሰቡ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ፊት ለ90 ደቂቃ ያህል ማውዝን፣ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ማገናኛዎችን፣ ሜንሎ ፓርክ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር በቪዲዮ መነጋገርን አሳዩ። የዚያ ትርኢት ክብደት የመጣው ማሽኑ በዚያው ሰዓት በእርግጥ እየሠራ ከመሆኑ ነው። ሊበላሽ ይችል ነበር፤ አለመበላሸቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ።

ሆኖም «ቀጥታ» የተባለ ሁሉ ያልተጻፈ አይደለም። ስቲቭ ጆብስ ጃንዩዋሪ 9 ቀን 2007 አይፎንን ሲያስተዋውቁ የተከተሉት ቅደም ተከተል በመሐንዲሶቹ ዘንድ «ወርቃማው መንገድ» ይባል እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተነግሯል። ስልኩ ገና ስላልበሰለ በዚያ ቅደም ተከተል ከሄዱበት ይሠራል፤ ከተዛነፈ ሊቆም ይችላል። በኮድ የሚሠራ ማሳያ የሚወቀስበት ነገር፣ አስቀድሞ የተወሰነ መንገድ መከተል፣ በመድረኩም ዘመን ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ ያኔ መንገዱ በአቅራቢው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው።

ቀረጻ ሲመጣ አደጋው ጠፋ። በ1990ዎቹ ሎተስ ስክሪንካም፣ ቀጥሎም ካምታዝያ የስክሪንን እንቅስቃሴ ለማንም ሰው የሚቀረጽ ነገር አደረጉት። በ2004 ጋዜጠኛው ጆን ዩደል አንባቢዎቻቸው ከላኩላቸው ሐሳቦች መርጠው አሠራሩን «ስክሪንካስት» አሉት። በ2005 የድረ ገጽ መሥሪያው የሩቢ ኦን ሬይልስ ፈጣሪ በ15 ደቂቃ ውስጥ ብሎግ ሲሠራ የሚያሳየው ቪዲዮ ለፕሮግራመሮች የማሳያ አርአያ ሆነ።

የማሳያ ቪዲዮን ኃይል ለማስረዳት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ግን የፋይል ማከማቻው ድሮፕቦክስ ነው። በ2008 የወጣ አንድ አጭር ቪዲዮ የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር ከ5,000 ወደ 75,000 በአንድ ሌሊት እንዳሳደገ መሥራቹ ተናግረዋል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከሚችለው በላይ ይሸከማል። ቪዲዮው የተነገረው ለአንድ የተለየ የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ነበር፤ በውስጡ ያሉትን ጥቅሶችም ያ ማኅበረሰብ ብቻ ነበር የሚያውቃቸው። ስለዚህ ያስረዳው የሰሚን ማንነት ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። ቪዲዮ በምን መንገድ ቢሠራ ይሻላል ለሚለው ምንም አይመሰክርም።

ኮዱ ከየት መጣ

ቪዲዮን በጽሑፍ ትእዛዝ መሥራት ከአንድ ምንጭ አልፈለቀም። አንደኛው መነሻ የኤዲቲንግ ሥራ ነው። በ2000 የተጀመሩት አቪሲንዝ እና ኤፍኤፍኤምፔግ «ይህን ቁረጥ፣ ከዚያ ጋር ቀጥል፣ መጠኑን ቀይር» የሚለውን ሥራ በማውዝ ከመጎተት ይልቅ በመጻፍ እንዲሆን አስቻሉ። ዛሬም ከአብዛኞቹ መሣሪያዎች ሥር ተቀምጦ ምስሎችን ወደ ቪዲዮ ፋይል የሚገጣጥመው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው።

ሌላው መነሻ ሥዕል ነው። በ2001 የወጣው ፕሮሰሲንግ አርቲስቶች በኮድ እንዲስሉ ታስቦ ተሠራ። በ2015 ደግሞ የሒሳብ ቪዲዮዎችን የሚያዘጋጁት ግራንት ሳንደርሰን ለራሳቸው ሥራ ማኒም የተባለውን መሣሪያ ጻፉ። አንድ ቀመር ወደ ሌላ ሲለወጥ የሚታየው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የፓይተን መስመር ነው። ሒሳብ ለዚህ አሠራር እጅግ ይመቻል፤ ክብ በኮድ ሲሳል የሚጎድለው ነገር የለምና። ሶፍትዌር በኮድ ሲሳል ግን የሚጎድል ነገር ይኖራል፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ሦስተኛው መነሻ ከማሳያ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ሴሌኒየም በ2004፣ ፓፒቲር በ2017፣ ፕሌይራይት በ2020 የወጡት ብራውዘርን በኮድ እየነዱ ድረ ገጽ መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተሽ ነበር። ፈታኞች ምን እንደተበላሸ ለማየት ሂደቱን በቪዲዮ ማስቀረት ፈለጉ፤ የቪዲዮ ቀረጻውም ከዚያ መጣ። ተርሚናል ላይ ለሚሠሩ መሣሪያዎችም ተመሳሳይ ነገር አለ። አስኪኒማ የሚታየውን ጽሑፍ ከነጊዜው በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ቻርም የተባለው ቡድን በ2022 ያወጣው ቪኤችኤስ ደግሞ «ይህን ጻፍ፣ ኢንተር ምታ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል አጭር ፋይል ተቀብሎ እውነተኛ ተርሚናል ላይ ያስፈጽመውና ተንቀሳቃሽ ምስል ያወጣል።

ማስጀመሪያ መሣሪያዎቹ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ባዶ ፎልደር ላይ ተቀምጦ ፋይል በፋይል ማዋቀር አሰልቺ በመሆኑ ሬይልስ ገና ከጅምሩ አንድ ትእዛዝ ሙሉ ፕሮጀክት እንዲዘረጋ አደረገ። በ2012 ዮመን፣ በ2016 የፌስቡክ ክሬት ሪአክት አፕ ይህን ልማድ ወደ ድረ ገጽ ሠሪዎች አመጡት። በ2021 ከስዊዘርላንድ የወጣው ሬሞሽን እነዚህን ጅረቶች አንድ ላይ አገናኘ፦ ቪዲዮ የድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው በሪአክት ይጻፋል፣ ብራውዘር ይስለዋል፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ይገጣጥመዋል፣ ሁሉም በአንድ የማስጀመሪያ ትእዛዝ ይጀመራል።

በ1,800 ምስሎች የተሠራች አንድ ደቂቃ

ክርክሩን ለመረዳት አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሰከንድ 30 ምስል የሚሄድ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 1,800 ምስሎች አሉት። በሬሞሽን ዓይነቱ አሠራር እያንዳንዱ ምስል ድረ ገጽ ነው። ኮዱ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ምስል ቁጥር 15 ላይ ምን ይታያል?» አርእስቱ ከምስል 0 እስከ ምስል 30 ቀስ እያለ እንዲገለጥ ከተጻፈ ኮዱ «በግማሽ የደበዘዘ አርእስት» ብሎ ይመልሳል። በመስኮት የማይታይ ብራውዘር ያንን ገጽ ከፍቶ ፎቶ ያነሣዋል። ወደ 16 ይሄዳል፤ ወይም ሥራው ለብዙ ብራውዘሮች ተከፋፍሎ 15 እና 900 ጎን ለጎን ይነሣሉ።

ከዚህ ትልቅ ነገር ይከተላል፦ በእንደዚህ ያለ ቪዲዮ ውስጥ ጊዜ የሚባል ነገር የለም፤ ቁጥር ብቻ አለ። ኮዱ የኮምፒውተሩን ሰዓት ከጠየቀ ወይም በዘፈቀደ የሚወጣ ቁጥር ከተጠቀመ ምስሎቹ አይገጥሙም፤ ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል። ለዚህም ነው በሬሞሽን የዘፈቀደ ቁጥር እንኳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ከሚሰጥ ዘር እንዲመነጭ የሚደረገው። ደጋፊዎቹ ይህን እንደ ንጽሕና ያዩታል። ቪዲዮው ዛሬ ቢወጣ ከዓመት በኋላ ቢወጣ አንድ ነው፤ አንዷ ምስል ሳትቀር ቁጥጥር ውስጥ ናት። ነገር ግን ምርቱ በተፈጥሮው በጊዜ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ይጭናል፣ ያስጠብቃል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ጊዜ የሌለበት ቪዲዮ መዘግየትን ሊያሳይ የሚችለው ሠሪው ፈልጎ መዘግየትን ከሳለ ብቻ ነው።

የሚነዳ ኮድና የሚስል ኮድ

«ቪዲዮ ከኮድ ማውጣት» የሚለው ሐረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ስም ሰጥቶ ይሸፍናል። ንግግሩ ሁሉ የሚደበላለቀውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ኮድ ምርቱን ይነዳል፦ እውነተኛውን መተግበሪያ ይከፍታል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ የሚሆነውን ይቀርጻል። ሌላው ኮድ ምርቱን ይስላል፦ ቁልፍ የሚመስል ሣጥን ያስቀምጣል፣ ጠቋሚ የሚመስል ቀስት ያንቀሳቅሳል፣ «ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ሁለተኛው ሲሠራ ምርቱ ጨርሶ አልተከፈተም።

መሠረታዊ ልዩነታቸው ሲሳሳቱ ይገለጣል። የሚነዳው ኮድ የሚፈልገው ቁልፍ ከቦታው ካጣ ይቆማል፤ መቆሙም «ቪዲዮህ አርጅቷል» የሚል መልእክት ነው። የሚስለው ኮድ አይቆምም። ከምርቱ ላይ ከወራት በፊት የተነሣ ቁልፍ በቪዲዮው ውስጥ እንደ ትላንቱ ያበራል። ስለዚህ «ምርቱ ሲለወጥ ቪዲዮውም አብሮ ይለወጣል» የሚለው ተስፋ፣ ብዙ ሰው ወደዚህ አሠራር የሚመጣበት ዋናው ምክንያት፣ ለሚስለው ኮድ አይሠራም። ለእሱ እውነት የሚሆነው ያነሰው ተስፋ ነው፦ ምርቱ መለወጡን ያስተዋለ ሰው ቪዲዮውን በርካሽ ሊያድሰው ይችላል። አስተዋዩ ግን ሰው መሆን አለበት።

የሥዕል ወገን የሆኑት የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። የባንክ መተግበሪያ በማሳያ ላይ የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ሒሳብ ማሳየት አይችልም። ገንዘብ መላኪያም ቪዲዮው በታደሰ ቁጥር ገንዘብ መላክ አይገባውም። በዚያ ላይ የሚነዳ ኮድ የሚያወጣው ቀረጻ ብዙ ጊዜ ያልተስተካከለ ነው። የፕሌይራይት ቪዲዮ ለምርመራ የታሰበ በመሆኑ መጠኑ ካልተወሰነለት ምስሉን ወደ 800 በ800 እንዲገባ ያሳንሰዋል። የማውዙ ጠቋሚም ቀረጻው ላይ አይታይም፤ ቁልፎች ማንም ሳይነካቸው የሚጫኑ ይመስላሉ። ማሳያ የሚሠሩ ሰዎች ገጹ ላይ የተሳለ ጠቋሚ እየጨመሩ ይህን ይሞላሉ። እውነተኛ በተባለው ቀረጻ ውስጥም እጁ ሥዕል ነው ማለት ነው።

በመካከል የቆመ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ምርቱ በሪአክት ከተሠራ የምርቱን እውነተኛ ኮምፖነንቶች ወደ ቪዲዮው ፕሮጀክት አምጥቶ በሐሰተኛ መረጃ መሙላት። ይህ የቁልፉን ስምና ቀለም በእርግጥ ከምርቱ ጋር ያስተሳስራል፤ ከሦስቱ የእድሳትን ተስፋ በብዛት የሚያሟላው ይመስለኛል። ሆኖም ቁልፉ እውነተኛ ሆኖ ከጀርባው ያለው ሥራ የለም። ሲጫን ወደ የትኛውም ሰርቨር የሚሄድ ጥያቄ አይኖርም። ተመልካቹ ያየው የምርቱን ፊት ነው፤ ሥራውን አይደለም።

የአሸዋ ወረቀቱ ፍርድ

ሥዕል ማሳያ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከሶፍትዌር በፊት ፍርድ ቤት ቀርቧል። በአሜሪካ ራፒድ ሼቭ የተባለ የመላጫ ክሬም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ክሬሙ አሸዋ ወረቀት ላይ ተቀብቶ ወዲያው በአንድ ምላጭ ሲላጭ ያሳይ ነበር። እውነተኛው የአሸዋ ወረቀት ለመላጨት ወደ 80 ደቂቃ ያህል መራስ ነበረበት፤ በዚያ ላይ በቴሌቪዥን ተራ ወረቀት ይመስል ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ አሸዋ የተነሰነሰበት ፕሌክሲግላስ ተጠቀሙ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1965 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ረታ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ተመልካቹ ሙከራውን በዓይኑ እያየ እንደሆነ ከተነገረው በኋላ ሳይነግሩት ምትክ ማሳየት ማታለል ነው፤ ምርቱ የተባለውን በእርግጥ ቢችልም እንኳ።

ፍርድ ቤቱ ግን ምትክን ሁሉ አልኮነነም። አይስክሬም በስቱዲዮ መብራት ስለሚቀልጥ በእሱ ፋንታ የቀረበ የተፈጨ ድንች ሰዎች ሲበሉት ቢታይ ችግር የለውም፤ ድንቹ የሚታየው ስለ አይስክሬሙ ጥራት ማስረጃ ሆኖ ካልሆነ። ያው ድንች «ተመልከቱ፣ ቀለሙና ልስላሴው!» ተብሎ ከቀረበ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ የሚለየው የተሳለ መሆኑ ወይም አለመሆኑ አይደለም፤ ለምን እንደቀረበ ነው።

ይህ መለያ ለዛሬው ጥያቄ ካገኘኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። በኮድ የተሳለ መተግበሪያ «ገንዘቡ ከዚህ ስልክ ወደዚያ ስልክ ይሄዳል» የሚለውን ሐሳብ ሲያስረዳ ድንቹ ነው፤ ማንም አልተጎዳም። ያው ሥዕል «በሁለት ሰከንድ ይደርሳል» የሚለውን በሁለት ሰከንድ በሚጠፋ የመጠበቂያ ክብ ሲያሳይ የአሸዋ ወረቀቱ ነው። የኔትወርኩ ሁኔታ በየሰፈሩ በሚለያይበት አገር ለሚኖር ተጠቃሚ ያ ክብ የሚቆይበት ጊዜ ከምርቱ ዋና ነገሮች አንዱ ነው፤ በምስል ቁጥር የሚሠራ ኮድም መጀመሪያ የሚያስወግደው እሱን ነው።

መግለጫ ማስቀመጥ ይበቃል ወይ የሚለው አልተቋጨም። ጎግል በዲሴምበር 2023 ጀሚናይ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሉን ሲያስተዋውቅ ያወጣው ቪዲዮ ሰው እያወራና እያሳየ ሞዴሉ ወዲያው የሚመልስ ያስመስል ነበር። የመልሱ ጊዜ ማጠሩ ከቪዲዮው ጋር በተያያዘው ጽሑፍ ተገልጿል። መልሶቹ የተገኙት ከቪዲዮው በተወሰዱ ነጠላ ምስሎችና በጽሑፍ ጥያቄዎች መሆኑ ሲታወቅ ግን ነቀፋው በረታ። ኩባንያው ቪዲዮው ሊሠራ የሚችለውን ለማሳየት የተዘጋጀ መሆኑን ተናገረ። አንዱ ወገን «ተጽፏል» ይላል፤ ሌላው «ዓይን ያየውን ግርጌ ላይ ያለ ጽሑፍ አይሽረውም» ይላል። የ1965ቱ ፍርድ ወደ ሁለተኛው ወገን የሚያዘነብል ይመስላል፤ የሶፍትዌር ማሳያን ግን በስም አያውቀውም።

ተመልካቹ ምን ይማራል

ማሳያ ቪዲዮ ያስተምራል የሚለውም እንደ ተረጋገጠ ነገር ይወሰዳል። ማስረጃው ግን የተደበላለቀ ነው። ተመራማሪዎቹ ፓልሚተር እና ኤልከርተን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃይፐርካርድ የተባለውን ሶፍትዌር ለሰዎች በተንቀሳቃሽ ማሳያና በጽሑፍ መመሪያ አስተምረው አነጻጸሩ። በስልጠናው ጊዜ ማሳያ ያዩት ፈጣኖች ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ብልጫው ጠፋ፤ በጽሑፍ የተማሩት የተሻለ አስታውሰው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ተመልካቹ እጁን እንጂ አእምሮውን አላሠራም፣ ያየውን ገለበጠ የሚል ነው። ቲቨርስኪና ባልደረቦቿም በ2002 የቀደሙ ጥናቶችን አይተው የተንቀሳቃሽ ምስል ብልጫ የተባለው ብዙ ጊዜ የመጣው በንጽጽሩ ውስጥ ቪዲዮው ተጨማሪ መረጃ ስለያዘ ነው ብለዋል።

ከኢዴክስ የኢንተርኔት ትምህርቶች 6.9 ሚሊዮን የእይታ ክፍለ ጊዜዎችን የመረመረው የ2014 ጥናት ደግሞ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም መካከለኛው የተመልካች ቆይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አሳየ። በዚያው ጥናት ብዙ ገንዘብ ከወጣባቸው የስቱዲዮ ቀረጻዎች ይልቅ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ መምህር ሰዎችን የበለጠ ያዘ። ይህ ለኮድ ቪዲዮ ወገን ምቹ ግኝት አይደለም። ከቴምፕሌት የሚወጣው ማሳያ ምን ጊዜም የተወለወለ ነውና። ቢሆንም ከነዚህ ጥናቶች አንዱም በኮድ የተሠራን ቪዲዮ ከተቀረጸው ጋር አላነጻጸረም፤ የትምህርት ቪዲዮም የምርት ማሳያ አይደለም። «በኮድ ሲሆን የበለጠ ይሸጣል» የሚሉ ቁጥሮች ሲቀርቡ ማን እንደለካቸው መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚያቀርባቸው መሣሪያውን የሚሸጠው ወገን ነው።

ማስጀመሪያው የሚወስናቸው ነገሮች

ማስጀመሪያ መሣሪያ ገለልተኛ አይደለም። ባዶ ፎልደር ሲከፈት ሠሪው «ምን ላሳይ? እንዴት?» ይላል። ማስጀመሪያው ግን ጥያቄው ሳይነሣ መልስ ይዞ ይመጣል፦ አርእስት ከታች ብቅ ይላል፣ ስልክ በጥላ ላይ ይሽከረከራል፣ ሦስት ጥቅሞች በተራ ይገባሉ፣ ዓርማው ይዘጋል። ከሁሉ የሚከብደው ከላይ ያየነውን ምርጫ፣ መንዳትን ወይም መሳልን፣ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ቴምፕሌቱ የሚስል ከሆነ እውነተኛውን ምርት ማስገባት ተጨማሪ ልፋት ይሆናል፤ የሚቸኩል ሰውም ያንን ልፋት አይመርጥም።

የማስጀመሪያ ዕድሜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማስጀመሪያ የሚሰጠው የአንድ ቀን ቅጂ ነው፤ ፎልደሩ ከተዘረጋ በኋላ ቴምፕሌቱ ቢሻሻል ለፎልደሩ አይደርሰውም። ክሬት ሪአክት አፕ ለዓመታት የሪአክት መግቢያ በር ሆኖ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 ለአዲስ ሥራ እንዳይውል በይፋ ተነገረ። በእሱ የተጀመሩ ፕሮጀክቶች ግን የትም አልሄዱም፤ ባለቤቶቻቸው እጅ ላይ ናቸው። ቪዲዮውን «በአንድ ትእዛዝ የሚታደስ» ለማድረግ የተገባው ቃል ኮዱን ራሱን የሚያድስ ሰው ይጠይቃል። ኤምፒ4 ፋይል ከአሥር ዓመት በኋላም ይከፈታል፤ ያንን ፋይል የወለደው ፎልደር ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ለመሥራቱ ዋስ የለውም።

ፈቃዱንም ማንበብ ይገባል። ሬሞሽን ምንጩ ቢታይም ለግለሰቦች፣ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶችና እስከ ሦስት ሠራተኛ ላላቸው ኩባንያዎች ነው ነፃ የሆነው፤ ከዚያ በላይ ይከፈልበታል። ተመሳሳይ መሣሪያ የሆነው ሞሽን ካንቫስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ሁለቱን «ነፃ» በሚል አንድ ቃል መጥራት ብዙ አነስተኛ ቡድኖችን ያሳስታል።

በዚህ ላይ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች መጡ። ከጽሑፍ በቀጥታ ቪዲዮ የሚያመነጩት ሞዴሎች፣ በፌብሩዋሪ 2024 እንደታየው ሶራ ያሉት፣ ለምርት ማሳያ አስቸጋሪ የሚሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የስክሪን ላይ ጽሑፍ በትክክል መውጣት አለበት፣ እነሱ ደግሞ ፊደልን በግምት ነው የሚስሉት። በኮድ የሚወጣ ቪዲዮ ፎንቱ እስካለ ድረስ ፊደሉን አያዛባም። ስለዚህ ረዳቱ ቪዲዮውን ሳይሆን የቪዲዮውን ኮድ እንዲጽፍ ማድረግ የተሻለ መንገድ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ረዳቱ የምርቱን ምንጭ ኮድ አንብቦ ሲስል ምርቱን ሲሠራ አላየውም። ገና ያልተለቀቀ፣ የተዘጋ፣ ወይም ማንም የማይጠቀምበት ክፍል በኮዱ ውስጥ ካገኘ ያንኑም በልበ ሙሉነት ያሳያል። ትክክለኛ ፊደል ያለው ስህተት ከተንጋደደ ፊደል ይልቅ ለመያዝ ይከብዳል።

ፊደሉና ድምፁ

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ይህ አሠራር ያለው ትልቁ ጥቅም ቋንቋን መለየት መቻሉ ነው። ጽሑፉ ከትዕይንቱ ተነጥሎ ስለሚቀመጥ አንዱ ፕሮጀክት የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ ቪዲዮ ሊያወጣ ይችላል። የትዕይንቱ ርዝመትም ከተራኪው ድምፅ ርዝመት እንዲሰላ ማድረግ ይቻላል፤ የአንዱ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ሲረዝም ሥዕሉ አይቀድመውም። ለአንድ ቀረጻ የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ያለው ድርጅት እስከ ዛሬ ሌሎቹን ቋንቋዎች ይተዋቸው ነበር።

እንቅፋቶቹ ግን የሚታዩት ሥራው ከግል ኮምፒውተር ወደ ሰርቨር ሲሄድ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በግል ኮምፒውተርና በስልክ ላይ ያለ ችግር ይታያል። ቪዲዮውን የሚያወጣው ሰርቨር ላይ ያለው ባዶ ሊኑክስ ግን ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ፎንት የለውም። ኮዱ ሳይሳሳት፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ፣ በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሣጥኖች የተደረደሩበት ቪዲዮ ይወጣል። መድኃኒቱ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ነው። ማስጀመሪያዎቹ ግን ለላቲን ፊደል ስለተሠሩ ይህን ሠሪው ራሱ ማስታወስ አለበት።

ድምፁ ይከብዳል። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ተራኪ ሳይጠሩ ጽሑፍን ማስነበብ ይቻላል። አማርኛ ግን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ሰሚውን፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚሰማውን ነገር ይናገራል። «ሲከፈል ድምፅ ይሰማል» በሚል የማሳያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሳሳተው ንባብ ከተመረጠ ድምፁ ራሱ ሰሚ ይሆናል። ሰው ተራኪ ይህን ሳያስብበት ያስተካክለዋል። ማሽኑን ለማስተካከል አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን መለወጥ ይጠይቃል፤ ያኔ ጽሑፉ ለሰው መጻፉ ይቀርና ለማሽኑ ይሆናል።

የመንዳትና የመሳል ልዩነት ደግሞ ከሁሉ ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ ይታያል፤ አንድ ሰው «ሰላም» ብሎ ሲጽፍ። በድምፅ አጻጻፍ በሚሠራው ኪቦርድ ቃሉ አምስት ምት ነው። መጀመሪያ ስ ይወጣል፣ ወደ ሰ ይለወጣል፣ ሰል ይሆናል፣ ሰላ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ሰላም። የሚስለው ኮድ ቃሉን በፊደል እየቆረጠ ስለሚያሳይ ሰ፣ ሰላ፣ ሰላም ብሎ በሦስት ይጨርሳል። የሚነዳው ኮድ ይህን ያስተካክላል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ፕሌይራይት በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ የሌለ ፊደል ሲሰጠው ቁልፍ አይመታም፤ ፊደሉን ሣጥኑ ውስጥ በቀጥታ ያስገባዋል። እውነተኛው መተግበሪያ ተከፍቶ፣ እውነተኛው ሣጥን ላይ፣ ያው ሰ፣ ሰላ፣ ሰላም። ለመጀመሪያ ጊዜ በስልኩ አማርኛ ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ቁልፉን ሲነካ በሰ ፋንታ ስ ይወጣበታል፤ ተሳሳትኩ ብሎ ያጠፋዋል።